ከባባ ጋር የሠራነው ክንፍ መቅረጫ

ዓረብ አገር፣ አል ፈላሕ የሚባል ሰፈር የገባሁት አንድ ሽማግሌ ለመንከባከብ ነው። የቀጠረችኝ ልጃቸው ናት፤ እሷን ማዳም እላታለሁ፣ ሽማግሌውን ደግሞ ባባ። ባባ በጉልምስናቸው ዘመን የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ሚስታቸው ሲሞቱ ልጃቸው ብቻቸውን አይኖሩም ብላ ወደ ቤቷ አመጣቻቸው፤ ብዙም ሳይቆይ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ ለበሽታው ረጅም ስም አላቸው። እኔ ግን ቶሎ የለመድኩት ሻይ ስቀዳላቸው ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ መሙላት ነበር።

ሥራው አይከብድም። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ ምግባቸውን አቀርባለሁ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ክንዳቸውን ይዤ ግቢው ውስጥ አንሸራሽራቸዋለሁ። የሐኪም ቀጠሮ ሲደርስ ከቤቱ ሹፌር ጋር መቅጣዕ የሚሉትን ድልድይ ተሻግረን ከተማ እንገባለን። ማዳም ቢሮ ስለምትውል ቤቱ ቀን ቀን ጭር ያለ ነው። እኔና ባባ የምንግባባው በቤት ዓረብኛ ነው፤ የጎደለውን በእጅ እንሞላዋለን፤ የሳቸው እጅ ግን ሲያመለክት ወዴት እንደሆነ መለየት ጊዜ ወስዶብኛል።

ከቪላው ጀርባ ሙልሐቅ የሚሏት ለብቻዋ የቆመች ክፍል አለች። ባባ ቁልፏን ከኪሳቸው አይለዩም። እዚያ ገብተው ምን እንደሚሠሩ መጀመሪያ ሰሞን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ባንኳኳ ባንኳኳ መልስ ሳጣ፣ ምን ሆኑብኝ ብዬ በሩን ገፋ አደረግሁት። ከጣሪያው ላይ አውሮፕላኖች ተንጠልጥለዋል። ሰው የማይጭኑ፣ በሪሞት የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው፤ የትልቁ ክንፍ ግን እጆቼን ብዘረጋ አልደርስበትም። ሁሉንም በእጃቸው የሠሯቸው እሳቸው ናቸው። ባባ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ሰማያዊ ፎም፣ ያ ሕንጻ ሲሠራ ሙቀት እንዳያስገባ ግድግዳ ውስጥ የሚያስገቡትን ጠንካራ ፎም፣ በከተር ሊቆርጡ ይታገላሉ። ግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ጨብጦ ይዟል። የፎሙ ጠርዝ አይጥ የቀማመሰው ዳቦ መስሏል።

አልደነገጡም፤ አልተቆጡኝምም። ከተሩን ቀስ ብለው አስቀመጡና፣ "እጄ እምቢ አለኝ፤ ሌላ መሥራት አለብኝ" አሉ።

ላፕቶፓቸውን ከፍተው አንድ ቪዲዮ አሳዩኝ። የማላውቀው አገር ሰው ጋራዡ ውስጥ ማሽን ያሠራል። ማሽኑ በሐዲድ ላይ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ጫፉ ላይ እየተሽከረከረ የሚቆርጥ ቀጭን ስለት አለ፤ ኮምፒዩተሩ ባዘዘው መስመር እየተጓዘ ፎሙን ይቀርጻል። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከማየት በቀር የሚነካው ነገር የለም። ሲኤንሲ ይሉታል አሉኝ። ተሠርቶ ያለቀውን ገዝቶ ማስመጣት ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የእጃቸውን ምትክ ሌላ ሰው እንዲሠራላቸው አልወደዱም።

ብሎን የሚያስርልኝ ሰው ነው የቸገረኝ አሉ። እኔ በሕይወቴ የነካሁት ማሽን የልብስ ስፌት መኪና ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ኮምቦልቻ ሳለሁ አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥሬ ቀሚስ እሰፋ ነበር።

"መርፌው ላይ ክሩን የሚያስገባው ማን ነበር?" አሉኝ።

"እኔ።"

"እንግዲያው ብሎኑንም ታስገቢዋለሽ።"

በዚህ ተጀመረ። ዕቃው በካርቶን በካርቶን ይመጣል፤ እየከፈትኩ ሙልሐቁ ወለል ላይ እደረድራለሁ። ባባ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ጫፍ ይጠቁማሉ። ሲጠቁሙ ከዘራውም ስለሚንቀጠቀጥ አንዳንዴ የጎኑን አነሣለሁ፤ "እህቷን፣ እህቷን" ይሉኛል። የአሉሚኒየሙን ክፈፍ ስንገጥም አራቱ ማዕዘን ልክ መሆኑን በእስኳድራ ብቻ አያምኑም። ከጥግ ጥግ በሜትር ያስለኩኛል፤ ከዚያ ሌላውን ጥግ ለጥግ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ፈትተን እንደ ገና እንገጥማለን። ቀሚስ ስቆርጥ ጨርቁን አጥፌ ጠርዙ ከጠርዙ መግጠሙን ሳላይ መቀስ አላነሣም ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ አልከበደኝም። የከበደኝ ስሙ ነው። እሳቸው ዕቃውን በእንግሊዝኛ ይጠሩታል፣ እኔ ደግሞ ለራሴ ሌላ ስም አወጣለታለሁ። ሐዲዱ ላይ የሚንሸራተተውን ኤሊ አልኩት። ባባ ትርጉሙን ጠይቀውኝ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ኤሊ ነበር የሚሉት፤ በአማርኛ።

አንድ ቀን እንዲህ እየሠራን፣ ባልሽ የት ነው ብለው ጠየቁኝ። አል ዐይን፣ ሰናይያ በሚሉት የጋራዦች ሰፈር፣ ቶርኖ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው አልኳቸው። ከተጋባን በኋላ ብዙም አብረን ሳንኖር እሱ ቀድሞኝ መጣ፤ እኔ ከዓመታት በኋላ ቪዛው ሲሳካልኝ አንድ አገር ከገባን አብረን ነን ብዬ ነበር። የሱ ዕረፍትና የኔ ዕረፍት ግን አይገጥምም። እሱ አል ዐይን፣ እኔ አል ፈላሕ፤ በስልክ ነው የምንኖረው፤ ካልሆነ ለዒድ። ይህን ያወራሁት ለማማረር አልነበረም፤ ስለጠየቁኝ ነው። ባባ ሻያቸውን ጨርሰው፣ "ቶርኖ ቤት ነው ያልሽኝ?" ብለው ብቻ ደገሙ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተሮቹን ከክፈፉ ጋር የሚያይዘው ብረት ልል ነው፣ ማሠራት አለብን አሉ። ሹፌሩ መኪናውን አስነሣና የአል ዐይንን መንገድ ያዝን። አሸዋው በግራም በቀኝም ይሄዳል፣ ጠርዝ ጠርዙን የተተከሉት ዛፎች ያልፋሉ፤ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የሻሼን ጫፍ አሁንም አሁንም አስተካክላለሁ። ለባለቤቴ ደውዬ ነበር፤ አላመነኝም። ቶርኖ ቤቱ በር ላይ መኪናው ሲቆም እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነው። ሲያየኝ ቀድሞ ያደረገው እጁን ወደ ኋላ መደበቅ ነው፤ ልብሴን እንዳያቆሽሽብኝ መሰለኝ። ሳሙናና አሸዋ ቀላቅሎ ሲታጠብ ቆየ።

ባባ ከመኪና ሳይወርዱ ሥራውን አስረዱት። ከዚያ ደክሞኛል ብለው ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝተው የራስ መሸፈኛ ጨርቃቸውን፣ ጉትራቸውን፣ ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉት። ሹፌሩን ደግሞ ጎማውን አስፈትሽ ብለው ላኩት። እኔና ባለቤቴ ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አውጥተን ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ ጠጣን። ስንገናኝ የምነግረውን ስንት ጊዜ አስቤበት ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ያወራነው ስለ ብረቱ ውፍረት ነው። እሱም ስለ ብረቱ ውፍረት እየነገረኝ ዓይኑ ፊቴ ላይ ነበር። ከስተሻል አለኝ፤ አንተም ሸብተሃል አልኩት፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ብረቱ ሲያልቅ ባባ ሳይጠሩ ነቁ።

ማሽኑ ቆሞ መብራት ስንሰጠው በመጀመሪያ ያስያዝነው ስለት ሳይሆን እስክሪብቶ ነው። ክብ ሣል ብለን አዘዝነው። ሞተሮቹ እንደ ንብ ድምፅ አውጥተው እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ዞረ። የወጣው ክብ ግን ክብ አልነበረም፤ በአንድ በኩል ሾሏል፣ በሌላው ተድበልብሏል። ባባ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አዩትና "ማሽኗ እንቁላል ጣለች" አሉ። እኔ ወንበር ይዤ እስክደገፍ ሳቅሁ። ችግሩ ጠመዝማዛው ዘንግ ላይ ያለው ዳዶ ነበር። ዘንጉ አቅጣጫ ሲቀይር ዳዶው ትንሽ ሳይከተለው ይቀራል፤ ያቺ ትንሽ ክፍተት ናት ክቡን ያጣመመችው። ሌላ ዳዶ ከነሐስ፣ ጥብቅ ተደርጎ መቆረጥ አለበት ተባለ። እንደ ገና አል ዐይን።

ባለቤቴ ያን ዳዶ ሲቆርጥ ቆሜ አየሁት። ሥራ ላይ ሆኖ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ነሐሱ እየተላጨ እንደ ወርቅ ጸጉር ይወርዳል፤ እሱ በየመሃሉ እያቆመ ዘንጉ ላይ ያሽከረክረዋል፣ በጣቱ ይነቀንቀዋል፣ መልሶ ያስረዋል። ሲገጥም ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ብቻ ከፍ አደረገ። ለእኔ ይህን ሰው ከስልክ ውስጥ ድምፅነት ያወጣው ያ ቀን ነው። አል ፈላሕ ተመልሰን ዳዶውን ቀይረን እስክሪብቶውን ስናዞር መስመሩ የተነሣበት ቦታ ላይ መጥቶ ገጠመ። ባባ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። "አንድ ጊዜ ደግሞ።" ወረቀቱ በክብ እስኪሞላ አስደገሙኝ። የሳቸው እጅ ጉልበታቸው ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ዝም ብሎ ሲሄድ ሳይ እኔ ነኝ ዞር ብዬ ዓይኔን የጠረግሁት፤ እሳቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። አንዴ ኩሽኔታው የሚገባበት ቀለበት፣ አንዴ ስለቱን የሚይዘው ማሰሪያ፣ አንዴ ምንነቱ ያልገባኝ ቁራጭ ላሜራ፤ ብቻ ባባ የሚያሠሩት ነገር አያጡም። ሁሉም አል ዐይን ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ሹፌሩ መሪውን ይዞ፣ ሙሰፋሕ እዚሁ አፍንጫችን ስር ሆኖ፣ ይህ ሁሉ ቶርኖ ቤት ሞልቶበት፣ ለአንድ ብሎን ይህን ያህል መንገድ አለኝ። እውነቱን ነው። ባባን ጠየቅኋቸው። የሙሰፋሕ ሰዎች ይቸኩላሉ አሉና መስኮቱን ማየት ያዙ።

መልሱን የሰማሁት ከባለቤቴ ነው። ያን ዕለት ከረኩን እየጠጣን የሹፌሩን ነገር ሳጫውተው አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። በመጀመሪያው ቀን፣ እኔ ውሃ ልገዛ ሱቅ ስገባ፣ ባባ በመኪናው መስኮት ጠርተውት ነበር። ሚስትህን መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። ባባ ትንሽ አሰቡና፣ "ዕቃውን አንድ ላይ አላመጣልህም፤ አንድ በአንድ ነው የማመጣልህ" አሉት። ለእኔ እንዳይነግረኝም አደራ ብለውት ነበር። ይህን ሲነግረኝ መኪናውን አየሁት። ባባ ጉትራቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ተኝተዋል፤ ወይም የተኙ መስለዋል። ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ ተመለስኩ። እስከ ዛሬም አላነሣሁባቸውም።

ፎም መቁረጥ ስንጀምር ሌላ ጣጣ መጣ። ስለቱ ፎሙን ሲበላ የሚወጣው ብናኝ ሰማያዊ በረዶ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይይዛል። ሻሼ ላይ፣ የባባ ጢም ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ። ቫኪዩም ብንገጥምለትም ግማሹ ያመልጣል። ማዳም ከቢሮ ስትመለስ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የኛን ዱካ ተከትላ ነበር የምታገኘን። ለአባቷ ደስታ ብላ ታግሣ ነው እንጂ አልወደደችውም፤ ስለቱንም ትፈራው ነበር።

የፈራችው ነገር አንድ ቀን ደረሰ። ማሽኑ የክንፉን ጫፍ እየቀረጸ ሳለ ባባ አንድ የተነሣ ቁራጭ ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ። የረጅሙ ቀሚሳቸው፣ የከንዱራቸው፣ እጅጌ ሰፊ ነው፤ ስለቱ ጫፉን ያዘውና ጠቀለለው። እኔ ቀዩን ማቆሚያ መታሁት። ማሽኑ ቆመ፤ እጅጌው ተተርትሯል፣ አንጓቸው ላይ ጭረት አለ፤ ከዚያ በላይ አልተጎዱም። ነገር ግን ጭረቱን ስጠርግላቸው ማዳም በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም። እጃቸውን አገላብጣ አየች፣ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጣች፣ "ኸላስ ባባ፣ ኸላስ" አለች፤ በቃ ማለቷ ነው። ሙልሐቁ ተቆለፈ።

ባባ ልጃቸውን አልተቃወሟትም። ልክ ናት አሉኝ። ከዚያ የእንግዳ መቀበያው ክፍል፣ መጅሊሱ ውስጥ፣ መስኮት ጥግ ተቀመጡ። ላፕቶፑን አልከፈቱም። የማቀርበውን ምግብ በማንኪያ ያገላብጡታል እንጂ አይበሉትም። ማታ ማታ ማዳም አጠገባቸው ተቀምጣ ታወራቸዋለች፤ እሺ፣ ደህና ነኝ ይሏታል። እኔ ጓዳ ሆኜ ሳህኑን እንደ ሄደ መልሼ እቀበላለሁ።

አንድ ጠዋት ማዳም ጓዳ ገብታ ቡና ስትቀዳ አገኘኋት። ካፊሌ፣ አገሩ ውስጥ የምትጠየቅልኝ አሠሪዬ፣ እሷ ናት፤ የመኖሪያ ፈቃዴ ኢቃማም በእሷ ነው፤ በቤቱ ነገር ጣልቃ ገብቼ አላውቅም። እጄን በጨርቅ አደረቅሁና ተናገርኩ።

"ማዳም፣ ሙልሐቁ ከተዘጋ ጀምሮ ባባ ቁርስ አይበሉም። መድኃኒቱን በባዶ ሆዳቸው ልሰጣቸው አልችልም።"

ፊቷን አዞረች። "እጃቸው ቢቆረጥስ? አንቺ ነሽ የምትመልሺልኝ?"

አልመልስልሽም አልኳት። ግን ማሽኑን ሳጥን ውስጥ ብናስገባውስ? ውስጡ የሚታይ፣ በሩ ሲከፈት ማሽኑ ራሱ የሚቆም? የስፌት መኪና ላይ ጣት ወደ መርፌው እንዳይገባ የምትከለክል ብረት አለች፤ እሷን እያሰብኩ ነው የተናገርኩት፤ እንዴት እንደሚሠራ ገና አላውቅም ነበር። ማዳም ቡናዋን ይዛ ወጣች። አለቀልኝ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ከቢሮ ደውላ፣ ሳጥኑን መጀመሪያ አሳዩኝ፣ ከዚያ ነው ቁልፉን የምሰጠው አለች።

ለባባ ስነግራቸው ከወንበሩ ለመነሣት ክንዴን ፈለጉ። ላፕቶፑ ተከፈተ። እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እሥላለሁ፤ ለባለቤቴ በስልክ ላክንለት። ክፈፉን ከአሉሚኒየም፣ ግድግዳውን መስታወት ከሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ ሠራው፤ በሩ ላይ፣ ፍሪጅ ሲከፈት መብራት እንደምታበራው ዓይነት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመበት። እሱ ራሱ የዕረፍት ቀን አስፈቅዶ በጭነት መኪና ይዞት መጣ። አል ፈላሕን ያየው ያን ጊዜ ነው፤ የምኖርበትን ግቢ፣ ልብስ የማሰጣበትን ገመድ፣ ክፍሌን በር ላይ ቆሞ አየ። ደህና ቦታ ነው አለኝ፤ ዓመታት ሲጨነቅበት የኖረ ነገር እንደ ቀለለው ያስታውቅ ነበር።

ማዳም ሳጥኑን ራሷ ፈተነችው። ማሽኑ እየሠራ በሩን ትከፍታለች፣ ይቆማል። ትዘጋለች፣ እንደ ገና ትከፍታለች። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ መክፈቷን ትታ ማየት ጀመረች። ስለቱ ፎሙ ላይ እየተመላለሰ በሄደ ቁጥር ክንፉ ከሰማያዊው ጠፍጣፋ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተነሣ ይመጣል፤ የፊት ጠርዙ ክብ፣ የኋላው እንደ ቢላ ስል። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። "ትንሽ ልጅ ሆኜ፣" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አውሮፕላኑን እየሮጥኩ የምወረውርላቸው እኔ ነበርኩ። አሸዋው ጫማዬ ውስጥ ይገባ ነበር።" ባባ ሰምተዋል። አንገታቸውን አላዞሩም፤ ከዘራቸውን ግን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

ያን ሳምንት ሁለቱን ክንፍ ቆርጠን ጨረስን። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው፣ ክንፉን የሚያጠነክረውን የካርቦን ዘንግ መሃላቸው አስገባን፣ ልናጣብቃቸው ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሁለቱም የቀኝ ክንፍ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ላይ አንዱን መገልበጥ ረስተን ነበር። ስንት ቀሚስ ሰፍቼ፣ ሁለት ግራ እጅጌ ቆረጥሽ ብላ ስንት ጊዜ የተቆጣችኝ አሠሪ ነበረችኝ፣ እኔም አላየሁትም፤ ባባም አላዩትም። ማዳም ናት ያየችው። "ይህ አውሮፕላን ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው የሚሄደው?" ብላ ጠየቀች። ባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። ያን ቀን ምሳ ሁለት ጊዜ በሉ።

ማን ያበርራል የሚለው ጥያቄ ቀረ። ሪሞቱ ላይ ሁለት ዱላዎች አሉ፤ ጸጉር የምታክል መነካካት ይበቃቸዋል፤ የባባ ጣት አይሆንም። አንቺ ነሽ አሉኝ። እንዴት አድርጌ ብል፣ ሪሞቱን ላፕቶፑ ላይ ሰክተው አውሮፕላን የሚያለማምድ ጨዋታ ከፈቱልኝ። ቤቱን ጽድት አድርጌ ስጨርስ በየቀኑ እለማመዳለሁ። ሜዳው ላይ አንዲት ዛፍ ብቻ አለች፤ ከሌላው ሁሉ ተርፌ እሷን እመታታለሁ። ባባ አይሰለቹም። ዛፏን አትያት፣ መሄድ የፈለግሽበትን እይ ይሉኛል። እየቆየ እጄ ለመደ።

ያበረርነው የአገሩ ሙቀት በሚበርድበት ወራት፣ ማለዳ፣ ከአል ዐይን ወጣ ብሎ ፈቃድ ያላቸው የሞዴል አብራሪዎች የሚሰበሰቡበት ሜዳ ላይ ነው። ባባ ድሮ እዚያ የሚታወቁ ሰው ነበሩ፤ ሽማግሌዎቹ እየመጡ አፍንጫ ለአፍንጫ ሰላም ሲሏቸው አንዳንዶቹ ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አልለቀቁም። ባለቤቴ ከሰናይያ መጥቶ ክንፉን ገጠመ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። ማዳም ጫማዋን መኪና ውስጥ ትታ በባዶ እግሯ ወረደች። ባባን ታጣፊ ወንበር ላይ ከጎኔ አስቀመጥናቸው።

ማዳም አውሮፕላኗን ከራሷ በላይ ይዛ ሮጠች፤ ዓባያዋን በአንድ እጅ ሰብስባ፣ ሕፃን እንደምትሮጠው ዘንበል ብላ፤ ለቀቀቻት። አውሮፕላኗ ትንሽ ዝቅ አለች፤ ከዚያ ወጣች። ሰማያዊው ፎም ሰማዩ ላይ እንዳይጠፋብኝ ሆዷን ብርቱካን ቀብተነው ነበር። እኔ ዱላውን ይዤ ሳያስፈልግ ወዲያ ወዲህ ስላት ትወዛወዛለች። ባባ እጃቸውን ክርኔ ላይ አሳረፉ። መንቀጥቀጡ ይሰማኛል።

"አትንኪያት" አሉ ቀስ ብለው። "ክንፏ ደህና ነው። ተያት።"

ጣቴን አላላሁ። አውሮፕላኗ ተስተካከለች፤ በራሷ ሄደች። ባባ ያኔ ዞር ትበል፣ አሁን ቀጥ፣ አሁን ትንሽ ጋዝ ቀንሺ ይሉኛል፤ ድምፃቸው ውስጥ ቅንጣት መንቀጥቀጥ የለም። ሳወርዳት መሬቱ ቀድሞ ደረሰብኝ፤ አፍንጫዋ ተላጠ፣ ፕሮፔለሯ ተሰበረ። ደንግጬ ዞርኩ። ባባ ግን ለባለቤቴ፣ ሚስትህ አሳረፈቻት ብለው እየነገሩት ነበር። እሱ ደግሞ ሜዳው ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ትከሻዬን ያዘኝ። ስንመለስ ማዳም መኪና ውስጥ፣ በየወሩ መጨረሻ ሁለት ቀን አል ዐይን ትውያለሽ፣ እኔ ባባ ዘንድ እሆናለሁ አለችኝ። አሁን እዚያ አንድ የወሎ ቤተሰብ የሚያከራየን ክፍል አለችን፤ መጋረጃዋን ራሴ ሰፍቼላታለሁ።

የባባ በሽታ ወደ ኋላ አይልም። ዘንድሮ መራመዱ ከብዷቸዋል፤ ሜዳ የምንወጣውም አልፎ አልፎ ነው። ሙልሐቁ ግን በየቀኑ ይከፈታል። በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ብቻዬን ሥዬ የቆረጥኩት ነገር አለ፤ የማንኪያ እጀታ። ከጥቁር ጠንካራ ፎም፣ ወፍራም፣ አውራ ጣታቸው የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ያለው። ባባ አገላብጠው አዩትና ጠርዙን አላለሰለስሽውም ብለው መለሱልኝ። አለስልሼ አመጣሁ። ምሳ ላይ ሾርባውን በእሱ ጀመሩ። የመጀመሪያው ግማሹ ከንዱራቸው ላይ ፈሰሰ፤ ማዳም ልትነሣ ስትል በዓይኔ ያዝኳት። ሁለተኛው አፋቸው ደረሰ። ከዚያ ማንም ሳያጎርሳቸው፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳህኑን ጨረሱና ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፤ ጨምሪልኝ አሉኝ።